የገዛ ስሙን የሸጠው ሬዲዮ ጠጋኝ

ሚዛን ተፈሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በ1991 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ወቅት ነበር፡፡ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገዱ ያኔ እንደዛሬው አልነበረም፡፡ ጅማ አድሬ በማግስቱ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ገባሁ፡፡ የሄድኩት ለጥብቅና ነው፡፡ ክርክሩ የጀንፈል ቡና ዕዳ ነበር፡፡ ፍርድ ቤት ስቀርብ ያገኘሁት ምላሽ ሌላ ቀጠሮ ሆነና አራት ሌሊት እዚያው ማደር ግድ አለኝ፡፡ የጠበቃ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው፡፡

ያረፍኩበት ሆቴል ማታ ማታ ባንድ ነበረው፡፡ ባንድ ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ሳክስፎን፣ አንድ ቤዝ ጊታርና አንዲት ድምፃዊት ናቸው፡፡ ከበበቃ የቡና እርሻ (ያኔ የመንግሥት ነበር) ደመወዙን የተቀበለውም፣ ከቴፒ ቡና ጭኖ የመጣው ነጋዴም እዚያ ይሰበሰባል፡፡ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ መደብደብ ሲጀምር ድምፃዊቷም ሳክስፎኑም ይዋጣሉ፡፡ የማይዋጠው ቤዙ ብቻ ነበር፡፡ ከመድረኩ ጥግ ከተቀመጠ ሳጥን ይወጣና በወለሉ፣ በወንበሩ እግር በኩል አድርጎ ሰው ውስጥ ይገባል፡፡ ትዝታ ሲጫወቱ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል፡፡

በዕረፍት ሰዓት ሳጥኑን ቀርቤ አየሁት፡፡ ሁለት የቢራ ሳጥን ቢደራረብ የሚያህል፣ ከዋንዛ ጣውላ የተሠራ፣ ፊቱ ላይ የቡና ጆንያ የተወጠረበት ነገር ነው፡፡ ማጉያውም ስፒከሩም እዚያው አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፡፡ ሙዚቀኞች እንዲህ ያለውን ኮምቦ ይሉታል፤ በአንድ እጅ አንጠልጥለውት ልምምድ ይሄዳሉ፣ ማታ ሆቴል ይሠሩበታል፣ ሲነጋ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጭኑታል፡፡ በሳጥኑ ግንባር ላይ በነጭ ቀለም፣ በፈረንጅ ፊደል ፌንደር የሚል ተጽፏል፡፡ የመጨረሻዋ ፊደል ቦታ አጥሯት ወደ ታች ወርዳለች፡፡

ሠሪው የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ መሆናቸውን ነገሩኝና ሲነጋ ሱቃቸው ሄድኩ፡፡ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፡፡ ውስጡን ከተጣለ ሞንታርቦ ላይ ለቅመው፣ የተቀደደውን የስፒከር ወረቀት በኮላ አጣብቀው፣ ሳጥኑን ለአናጢ አሠርተው ነበር የገጣጠሙት፡፡ ለምን የራሳቸውን ስም እንዳልጻፉበት ጠየቅኳቸው፡፡ ሳቁብኝ፡፡ በእሳቸው ስም ቢሆን ኖሮ ባንዱ እንደማይከራየው አስረዱኝ፡፡ ፌንደር የሚለውን ያዩት ከአዲስ አበባ በመጣ ባንድ ዕቃ ላይ ነበር፤ ሰው ይሁን አገር ይሁን የሚያውቁት ነገር የለም፡፡ እኔም ብሆን አላውቅም ነበር፡፡ ቃሉ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የመኪና ፓራፋንጎ ማለት ስለሆነ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ መስሎኝ ነበር፡፡

ሰው ነው፡፡ ያውም እንደ ጋሼ ሬዲዮ ጠጋኝ፡፡ ቆይቼ ታሪኩን ሳነብ ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ሚዛን ላይ ማንም ያልከለከለውን ያንን ስም ባለቤቱ ራሱ፣ ሊዮ ፌንደር፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ሃያ ስድስት ዓመታት በሠራው ዕቃ ላይ እንደ ምልክት ሊያሰፍረው አይችልም ነበር፡፡ የሕግ ሰው ነኝና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፡፡ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ ዘመኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር በ1909 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በአናሃይምና በፉለርተን መካከል ተወለደ፡፡ ወላጆቹ የብርቱካን ገበሬዎች ነበሩ፡፡ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን በሕመም አጥቶ ዕድሜ ልኩን በመስታወት ዓይን ኖረ፡፡ የኤሌክትሪክ ነገር ያገኘው በአጎቱ በኩል ነው፡፡ አጎቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርና ለልጁ አሮጌ የሬዲዮ ዕቃዎችና አንድ የተጣለ የመኪና ባትሪ በሳጥን ላከለት፡፡ በዓመቱ ልጁ አጎቱን ሊጠይቅ ሲሄድ አጎቱ ከቁርጥራጭ የገጣጠመው ሬዲዮ በስፒከር ጮክ ብሎ ሲዘፍን ሰማ፡፡ ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም፡፡

ይሁን እንጂ ኮሌጅ ገብቶ የተማረው ሒሳብ አያያዝ ነው፡፡ ስለ ኤሌክትሪክ አንድም ኮርስ አልወሰደም፡፡ በረዶ አመላላሽ ሆነ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ፣ በመንግሥት መንገድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፡፡ ያ ዘመን በአሜሪካ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና ያ ሥራ ታጠፈ፤ ቀጥሎ የገባበት የጎማ ድርጅትም በስድስት ወሩ አሰናበተው፡፡ ሥራ አጥና ባለትዳር ሆኖ በ1938 ስድስት መቶ ዶላር ተበደረና ፉለርተን ላይ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ፡፡ መንግሥት ባያባርረው ኖሮ የመንገድ ሒሳብ እየሠራ ጡረታ በወጣ ነበር እላለሁ፡፡

የሱቁ ደንበኞች መካከል ሙዚቀኞች ነበሩ፡፡ ማጉያቸው ሲቃጠል፣ ጊታራቸው ሲያፏጭ ወደ እሱ ይመጣሉ፡፡ ሊዮ ጊታር መጫወት አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉም አልቻለም፡፡ የሚያውቀው መስማትና መፍታት ነው፡፡ የጠገነው ዕቃ ለምን እንደተበላሸ ይመዘግባል፣ ሁለተኛ እንዳይበላሽ አድርጎ ለመሥራት ያስባል፡፡ በጦርነቱ ዘመን ዶክ ካውፍማን ከሚባል ሙዚቀኛና ፈጣሪ ጋር ሆኖ ጭን ላይ አስቀምጠው የሚጫወቱትን ጊታር ከትንሽ ማጉያ ጋር እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ፡፡ ካውፍማን በ1946 ተወው፡፡ ሊዮ ግን ቀጠለና ፌንደር ኤሌክትሪክ ኢንስትሩመንት የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፡፡

የስም ጣጣ ያኔውኑ ነው የጀመረው፡፡ በ1950 ከደፍን እንጨት የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጣ ብሮድካስተር አለው፡፡ ግሬች የተባለ ሌላ ኩባንያ ይህን የሚመስል ስም ለከበሮዎቹ አስመዝግቦ ስለነበር በ1951 መጀመሪያ አስጠነቀቀው፡፡ ሊዮ አልተሟገተም፤ ገንዘብ የወጣበትን የታተመ ጽሑፍም አልጣለም፡፡ ሠራተኞቹ የጊታሩን ስም በመቀስ እየቆረጡ ጥለው ፌንደር የሚለውን ብቻ መለጠፍ ቀጠሉ፡፡ ለወራት የሞዴል ስም የሌለው ጊታር ተሸጠ፡፡ ኋላ ቴሌካስተር የተባለው እሱ ነው፤ ስም የለሾቹ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ይፈለጋሉ፡፡

አሁን ወደ ቤዙ እንምጣ፡፡ በዚያ ዘመን ቤዝ ማለት ኮንትራባስ ነው፤ ቆሞ የሚይዙት፣ ከሰው የሚረዝም፣ መኪና ጣሪያ ላይ የሚታሰር ዕቃ፡፡ ሌሎቹ መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ ሲጎሉ ኮንትራባሱ ከኋላ ቀረ፡፡ ሊዮ በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ ብሎ ያወጣው መልስ እንደ ጊታር በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ባለ አራት ክር፣ አንገቱ ላይ ብረቶች የተተከሉበት ነበር፡፡ ስሙም የመጣው ከብረቶቹ ነው፤ ጣት በእነሱ መካከል ካረፈ ድምፁ አይስትም፣ ትክክል ነው ለማለት፡፡ ፍትሕ እንዳይጓደል ይህንንም ልበል፤ ሲያትል ላይ ፖል ታትማርክ የሚባል ሰው ከእሱ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፡፡ የታትማርክ ግን አልተለመደም፡፡

ቤዙ ብቻውን ግን ምንም አይፈይድም፡፡ ወፍራሟ ክር ባዶዋን ስትመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች፤ የመደበኛው ጊታር ወፍራም ክር የምትርገበገበው የዚያን እጥፍ ነው፡፡ ዝግ ያለ ድምፅ እንዲሰማ ብዙ አየር መገፋት አለበት፡፡ ብዙ አየር ለመግፋት ወይ ስፒከሩ መስፋት አለበት፣ ወይ ወረቀቱ ወደፊትና ወደኋላ ርቆ መሄድ አለበት፣ ጉልበቱም መጨመር አለበት፡፡ ጆሯችንም ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው፡፡ ቤዝ ጊታርን ለተራ ጊታር በተሠራ ትንሽ ማጉያ ላይ የሰካ ልጅ ስፒከሩን የሚቀደው ለዚህ ነው፤ የጋሼ ሱቅ ግማሽ ገቢ የዚህ ዓይነት ቅዳጅ እንደነበር ነግረውኛል፡፡

ስለዚህ ሊዮ በ1952 ባስማን የተባለውን ማጉያ ለቤዙ ጓደኛ አድርጎ አወጣ፡፡ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ 26 ዋት ገደማ ጉልበት፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን፡፡ ዛሬ 26 ዋት ለቤዝ ቢባል የልምምድ ዕቃ ነው፤ ያኔ ግን መጠነኛ አዳራሽ ይሠራበት ነበር፡፡ ቆይቶ ስፒከሩን ወደ አራት ባለ 10 ኢንች ለወጠው፣ ጉልበቱንም ከፍ አደረገው፡፡ የሚገርመው ቤዝ ተጫዋቾች ሳይሆኑ ጊታር ተጫዋቾች መውደዳቸው ነው፡፡ ከፍ አድርገው ሲጫወቱበት ድምፁ ይቀደዳል፤ መቀደዱን ወደዱት፡፡ ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻል በ1962 ከሠራተኞቹ ጋር የራሱን ማጉያ ሲጀምር መነሻ ያደረገው የባስማንን አሠራር ነው፡፡ የማርሻልን ስም በትልልቅ መድረክ ያላየ የለም፡፡ ሊዮም ቢሆን አልተነካሁም ብሎ የሚከስ ሰው አልነበረም፤ የእሱም ማጉያዎች መነሻ የቫልቭ አምራቾች ለሕዝብ ያሳተሙት ሰርኪዩት ነበር፡፡ ጠጋኝ ከጠጋኝ ይማራል፡፡ (ለቤዝ ተብሎ የተሠራውን ትንሽ ኮምቦ በስቱዲዮ ያነገሠው ግን ሌላ ኩባንያ ነው፤ አምፔግ በ1960 ያወጣው ባለ አንድ ስፒከር ማጉያ፡፡ የሞታውኑ ጄምስ ጄመርሰን የፌንደርን ቤዝ በአምፔግ ነው የተጫወተው፡፡)

የእኛ አገር ሙዚቃ በዚህ ነገር ምን ያህል እንደተለወጠ ለማወቅ በ1969 ዓ.ም. ገደማ የወጣውን የዋሊያስ ባንድ ሸክላ መስማት ይበቃል፡፡ መላከ ገብሬ እዚያ ላይ የሚጫወተው ቤዝ ነው ኦርጋኑን ተሸክሞ የሚሄደው፡፡ የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮም እንደዚሁ፤ በእነሱ ዘመን ካሴት ያደመጠ ሰው ስሙን ባያውቀው ጣቱን ያውቀዋል፡፡ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ዘመን አልፎ አምስትና ስድስት ሰው ሆቴል ውስጥ ባንድ ሊሆን የቻለው በኤሌክትሪክ ነው፡፡ ባህላዊ ቡድኖቻችን ሳይቀሩ ቤዝ ክራር ሠርተው ሽቦውን ማጉያ ላይ ሰኩ፡፡

ወደ ሊዮ ልመለስ፡፡ በ1954 ስትራቶካስተርን፣ በ1960 ጃዝ ቤዝን አወጣ፤ ይህ በየቦታው የተጻፈ ነውና አልፈዋለሁ፡፡ እኔን የሚይዘኝ 1965 ነው፡፡ ሊዮ ለዓመታት የማይለቅ የሳይነስ ኢንፌክሽን ነበረበት፡፡ ልሞት ነው ብሎ አመነ፡፡ ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን ከየት ያገኛሉ የሚለው አሳሰበውና ድርጅቱን ለመሸጥ ወሰነ፡፡ ገዢው ሲቢኤስ ነበር፤ ትልቁ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ፡፡ ዋጋው 13 ሚሊዮን ዶላር፡፡ ንጽጽር ካስፈለገ፣ ይኸው ሲቢኤስ ከአንድ ዓመት በፊት የኒውዮርክ ያንኪስን የቤዝቦል ቡድን 80 በመቶ ድርሻ የገዛው በ11.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፡፡ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ በሃያ ሰባት ዓመት ከአሜሪካ ዝነኛ የቤዝቦል ቡድን ድርሻ በላይ አወጣ፡፡

ከሽያጩ ጋር ምን ሄደ? ፋብሪካው፣ መሣሪያው፣ ፓተንቱ፣ ስሙ፡፡ በተጨማሪም ለአሥር ዓመት ከሲቢኤስ ጋር ላለመወዳደር ግዴታ ገባ፡፡ ለእኛ የሕግ ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችንም የንግድ መደብሩን የሸጠ ሰው ገዢውን በሚጎዳ መንገድ እንዳይወዳደር ያስገድድ ነበር፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ ደንበኛን የሸጠ ሰው መንገዱን ተሻግሮ ሱቅ ከፍቶ መልሶ ሊወስደው አይገባም፡፡ የንግድ ስምም እንደማንኛውም ንብረት ይሸጣል፡፡ ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፣ ደንበኞቼንም አስፈርሜበታለሁ፡፡ የአባትን ስም ሲሆን ግን አንድ ነገር ሆድ ይብሳል፡፡ ለእኛ እንኳ የአባት ስም ከልጅ ወደ ልጅ ስለማይዞር ነገሩ ለፈረንጆቹ ይብሳል፤ ለእነሱ የአያት የቅድመ አያት ስም ነው የተሸጠው፡፡

ከዚያስ? ሊዮ ሐኪም ቀየረ፡፡ አዲሱ ሐኪም ከፍ ያለ መጠን ያለው አንቲባዮቲክ ሰጠውና ዳነ፡፡ ይህንን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆይቻለሁ፡፡ የአንድ ሰው ዕድሜ ሥራ የተሸጠው በአንድ ባልተገኘ የሐኪም ማዘዣ ነው፡፡ ውሉን ግን ምንም ሐኪም አያፈርሰውም፤ ስህተት ነበር ብሎ ለፍርድ ቤት ቢያቀርብ እኔም ጠበቃው ብሆን አልቀበለውም ነበር፡፡

እሱም አላቀረበም፡፡ እስከ 1970 ለሲቢኤስ አማካሪ ሆኖ ሠራ፡፡ ሲቢኤስ ግን የሂሳብ ሰዎች ይዞ መጣ፤ ወጪ እየቀነሰ፣ ምርት እያበዛ ሄደ፤ ሙዚቀኞች ከ1965 በፊት የተሠራውን እያሳደዱ መግዛት የጀመሩት ለዚህ ነው፡፡ በ1985 ሲቢኤስ ድርጅቱን ለራሱ ሠራተኞች ቡድን በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፡፡ የሃያ ዓመቱን የዋጋ ግሽበት አስቡበት፡፡

ሊዮ የአሥር ዓመት ግዴታው እስኪያልቅ አድፍጦ ቆየ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተቀመጠም፡፡ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹ ላቋቋሙት ድርጅት በዝምታ ገንዘብ አወጣ፤ ድርጅቱ ኋላ ሚዩዚክ ማን ተባለ፡፡ በ1975፣ ልክ ግዴታው ሲያበቃ፣ ፕሬዚዳንቱ ሊዮ መሆኑ ይፋ ሆነ፡፡ በ1976 የወጣው ስቲንግሬይ የተባለው ቤዝ በባትሪ የሚሠራ ማስተካከያ በውስጡ ስለነበረው ድምፁ ከማንም የበለጠ ጠራ፡፡ ልብ በሉ፣ ውሉ የከለከለው መወዳደሩን ለአሥር ዓመት ብቻ ነው፤ ስሙን ግን ለዘለዓለም፡፡ ከዚያም ድርጅት ጋር አልተስማማም፡፡ ሰባ ዓመት ሲሞላው ከቀድሞ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ሦስተኛውን አቋቋመ፤ ጂ ኤንድ ኤል፡፡ ጂ ለጆርጅ፣ ኤል ለሊዮ፡፡ ከሙሉ ስሙ ሕግ የፈቀደለትን አንዲት ፊደል ለጠፋት፡፡

በእነዚያ ዓመታት የመጀመሪያ ሚስቱን በካንሰር አጣ፣ ሌላ አገባ፣ በፓርኪንሰን ታመመ፡፡ ከሥራ ግን አልቀረም፡፡ መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ሲሞት ከአንድ ቀን በፊት ፋብሪካው ገብቶ ነበር፡፡ ሀብታም ሆኖ ሞተ፤ ተበደለ ብዬ ላስለቅሳችሁ አልፈልግም፡፡ በፈቃዱ ሸጠ፣ ዋጋውን ተቀበለ፡፡ በሥራ ክፍሉ የነበረው ጠረጴዛ እንደተወው ተጠብቆ ቆይቷል፡፡ በዓመቱ ስሙ የሮክ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ፡፡ እዚያ ላይ ፌንደር ተብሎ ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አላስፈለገውም፡፡

በ1998 ዓ.ም. የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ሲወጣ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ጋሼ ናቸው፡፡ ከአዋጁ ወዲህ የዋንዛ ሳጥናቸው ባለጉዳይ ቢመጣበት ብዬ ሳስብ ፈገግ አልኩ፡፡ የአሜሪካው ኩባንያ ሚዛን ተፈሪ ድረስ ጠበቃ ቢልክ የማድሪያ ወጪው ከሳጥኑ ዋጋ ይበልጥ ነበር፡፡

በ2015 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ ተመለስኩ፡፡ ከተማዋ ሚዛን አማን ተብላለች፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የአዲስ ክልል አካል ሆናለች፡፡ ሆቴሉ ባንድ የለውም፤ ፍላሽ የሰኩበት ስፒከር ይጮሃል፡፡ ጋሼ አርፈዋል፡፡ ሱቁን የያዘው ልጃቸው የሞባይል ባትሪና ቻርጀር ነው የሚሸጠው፡፡ ሳጥኑን ስጠይቀው ቴፒ ያሉ የሠርግ ተጫዋቾች እንደወሰዱት ነገረኝ፡፡ ቴፒ ሩቅ አይደለምና በማግስቱ ሄድኩ፡፡

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሲለማመዱ አገኘኋቸው፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮ፡፡ ቤዝ ክራሩ የተሰካው ዋንዛው ላይ ነው፡፡ ስፒከሩ ሦስተኛው መሆኑን ነገሩኝ፤ ማጉያውም ተቀይሯል፣ ጆንያው በጥቁር ጨርቅ ተተክቷል፡፡ ነጩ ቀለም ታጥቦ ከፌንደር የቀረችው ያቺ ወደ ታች የወረደች ፊደል ብቻ ናት፡፡ ማን እንደሠራው ጠየቅኳቸው፤ ሚዛን ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው ከማለት ውጪ ስማቸውን የያዘ አልነበረም፡፡ ነገርኳቸው፡፡ ስንት እንደሚሸጡልኝም ጠየቅኳቸው፡፡ እንደማይሸጥ ነግረውኝ ልምምዳቸውን ቀጠሉ፡፡